ሁለተኛው ዓምድ

«በቀን ስንት ጀሪካን ውሃ ትጠቀማላችሁ?»

ሴትየዋ በሩን በትከሻቸው ደገፍ አድርገው በጣታቸው ቆጠሩ። አንዱ ለማብሰያ፣ አንዱ ለመጠጥና ለእጅ፣ አንዱ ደግሞ ለዕቃና ለልብስ። «ሦስት» አሉ።

«ስንት ናችሁ እቤት ውስጥ?»

«ሰባት።»

ካልኩሌተር ሁለቱን ቁጥሮች ቅጹ ላይ አሰፈረች። ካልኩሌተር ያሏት የክፍሏ ልጆች ናቸው፤ የሒሳብ መምህሩ ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ ጽፎ ሳይጨርስ መልሱን እየተናገረች ስላስቸገረች የወጣላት ስም ነው። ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ስሙንም እናትና አባቷ ካወጡላት ይልቅ ትወደዋለች። ከጎኗ ቆማ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ እግሯ የምታርፈው ጓደኛዋ ደግሞ ሬዲዮ ትባላለች። ለምን እንደተባለች፣ ከእሷ ጋር አምስት ደቂቃ የቆመ ሰው አይጠይቅም።

«አንድ ጥያቄ ቀረኝ። በቂ ውሃ ቢኖርስ በቀን ስንት ጀሪካን ያስፈልጋችኋል?»

ሴትየዋ ሳቁ። «እሱን እንኳ ተይው ልጄ። ቢኖርማ ማን ይጠላል።»

«ግምትም ይበቃል እኮ።»

«ምኑን ልገምተው? ኖሮ አያውቅ» አሉና ምድጃ ላይ የጣዱት ነገር እንዳያርርባቸው እየሳቁ ወደ ውስጥ ገቡ።

ካልኩሌተር በሁለተኛው ዓምድ ላይም ሦስት ብላ ጻፈች።

ሬዲዮ በትከሻዋ በኩል አጮልቃ አየች። «አልመለሱልሽም እኮ።»

«ያው ነው። ታች ሰፈር ስልሳ ቤት ጠይቄ፣ በስልሳውም የሚጠቀሙትና የሚያስፈልጋቸው እኩል ነው የመጣው።»

«እሱ ታች እኮ ነው፤ ቧንቧቸው አይቋረጥም። ይሄ ላይ ሰፈር ነው።»

«ታዲያ ምን ልጻፍ? ‹ማን ይጠላል› የሚባል ቁጥር የለም። ባዶ ብተወው ደግሞ ቲቸር ሙሉ ሥራውን ይመልስብናል።»

ሬዲዮ አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው። የቅዳሜው ፀሐይ አናት ይበሳ ነበር፤ ከላይ ሰፈሩ አርባ ሦስት ቤት ገና ዐሥራ አንድ ይቀራቸዋል። ካልኩሌተር ዐሥራ አንዱንም እንደዚያው ሞላችው። ወደ መጨረሻው ላይ ሁለተኛውን ጥያቄ መጠየቁንም ተወችና አንደኛውን ቁጥር ሁለቴ መጻፍ ብቻ ሆነ ሥራዋ።

ሥራው የመጣው ከውሃ ጽሕፈት ቤቱ ነው። ከተማዋ ሦስት ሺህ ሰው በነበራት ጊዜ የተሠራው ታንከር አሁን ዘጠኝ ሺህ ሰው ያጠጣል፤ በሃያ ዓመት ውስጥ ደግሞ የሰዉ ቁጥር በእጥፍ እንደሚያድግ ይጠበቃል። ስለዚህ አዲስ ታንከርና አዲስ መስመር ሊዘረጋ ነው። ቤት ለቤት የሚዞር ሠራተኛ አልተገኘም። የሒሳብ መምህሩ ተማሪዎቼ ይሠሩታል ብሎ ቃል ገባ፤ ቃሉን ደግሞ ካልኩሌተር ትከሻ ላይ ጣለው።

ሰኞ ዕለት ኢንጂነሯ ራሳቸው ክፍል ድረስ መጡ። ጫማቸው ጭቃ የነካው፣ ቦርሳቸው በካርታ የታጨቀ፣ ችኩል ሴት ናቸው። ካልኩሌተር ያዘጋጀችውን ሰንጠረዥ ከላይ እስከ ታች አዩትና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ስርዝ ድልዝ የሌለበት ቅጽ ካየሁ ስንት ዓመቴ ነው» አሉ። ከዚያም ለክፍሉ አስረዱ። ለዕቅዱ የሚወስዱት ሁለተኛውን ዓምድ ነው። ሰው የሚያስፈልገውን ውሃ በሰው ብዛት ያበዙታል፣ ወደፊት የሚጨመረውን ሰው ይደምሩበታል፣ ከዚያ የቧንቧው ውፍረት ይወጣል። «ለታችኛው ሰፈር በሰው ስልሳ ሊትር፣ ለላይኛው ዘጠኝ ሊትር። ስለዚህ ወደ ታች አራት ኢንች፣ ወደ ላይ ሁለት ኢንች። ቧንቧ አንዴ ከተቀበረ ሃያ ዓመት የሚነካው የለም።»

«ዘጠኝ ሊትር?» አለ ከኋላ የተቀመጠ ልጅ። «ላይ ሰፈሮች ግመል ናቸው እንዴ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ካልኩሌተርም ፈገግ አለች። ሐሙስ ከሰዓት በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ነዋሪው ተሰብስቦ ዕቅዱ ይጸድቃል፤ የጥናቱን ውጤት የምታቀርበው እሷ እንደሆነች ኢንጂነሯ ተናግረው ነበርና ከሳቁ ይልቅ እሱ ነበር ፊቷን ያፈካው። ሬዲዮን ዘወር ብላ ያየቻት ዘግይታ ነው። ሬዲዮ ላይ ሰፈር ነው የምትኖረው። ደብተሯ ጠርዝ ላይ በእስክሪብቶ ሳጥን እየሣለች ሳጥኑን ደግማ ደጋግማ ታጠቁረዋለች። ሬዲዮ ዝም ካለች ወይ ታማለች ወይ ተቀይማለች።

«ፖስተሩን ነገ እኛ ቤት እንሥራው» አለች ሲለቀቁ፣ ቀና ብላ ሳታያት። ካልኩሌተር ደስ አላት። ተቀይማ ቢሆን ቤቷ አትጠራኝም ብላ አሰበች።

ማክሰኞ ከትምህርት በኋላ ዳገቱን ወጡት። የሬዲዮ እናት ልብስ ሰፊ ናቸው። ቤቱ አንድ ክፍል ሲሆን ከመስኮቱ ሥር የስፌት መኪና፣ ከመኪናው ሥር የጨርቅ ቁርጥራጭ፣ ከበሩ ጀርባ ደግሞ በቁመታቸው የተሰለፉ ስድስት ጀሪካኖች አሉ። ከስድስቱ አራቱ ባዶ ናቸው። ላይኛው ሰፈር ውሃ የሚመጣው በሦስት ቀን አንዴ ነው፤ ለዚያውም ቤት አይገባም፣ ከመንገዱ ዳር ካለው ቦኖ ተሰልፎ ነው የሚቀዳው።

ፖስተሩን መሬት ላይ ዘርግተው አገባደዱት። ካልኩሌተር እጇ በቀለም ተለቃልቆ ስለነበር ልትታጠብ ተነሣች። የሬዲዮ ታናሽ ወንድም፣ የአምስት ዓመቱ፣ ሳፋውን እግሯ ሥር አስቀመጠና ጣሳውን ይዞ ማፍሰስ ጀመረ። ጥቂት አፍስሶ አቆመ።

«ጨምርልኝ እንጂ።»

«ይበቃሻል» አለ ልጁ፣ ኮስተር ብሎ።

«ገና ሳሙናው አልለቀቀም።»

ልጁ እጇን አገላብጦ አየና አንድ ጉንጭ የምታህል ጨመረላት። ከዚያ ሳፋውን በሁለት እጁ አንሥቶ፣ እንዳይፈስበት ምላሱን እየነከሰ፣ ወለል ወደሚወለወልበት ባልዲ ገለበጠው። ማንም ይህን አድርግ አላለውም።

ካልኩሌተር እርጥብ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። ቤታቸው ጥርሷን ስትቦርሽ ቧንቧው ክፍት እንደሚቆይ ትዝ አላት። 

«እትዬ» አለች ወደ መኪናው ጠጋ ብላ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቂኝ የኔ ልጅ።» እግራቸው መርገጫውን ከመምታት አላቆመም።

«ውሃው እንደልብ ቢመጣ፣ በቀን ስንት ጀሪካን ይበቃዎታል?»

መኪናው ቆመ። ሴትየዋ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ። አልሳቁም። «ቆይ እስቲ» አሉ። «መቼም ይህንን ልጅ ማታ ማታ ገላውን ሳላጥበው አላስተኛውም። አንሶላውን በየሳምንቱ አጥበዋለሁ። ለደንበኛ የምሰጠውን ልብስ አጥቤ፣ ተኩሼ ነው የምሰጠው፤ አሁን እንዲያው ነው የምሰጠው፣ ያሳፍረኛል። እሷንም ቢሆን» አሉ ወደ ሬዲዮ በአገጫቸው እያመለከቱ፣ «በተራችን ቀን ገና በዐሥራ አንድ ሰዓት ቀስቅሼ ቦኖ አልሰድዳትም። ትምህርት ቤት አርፍደሽ መጣሽ እያሉ ስንቴ መልሰዋት መሰለሽ።»

ካልኩሌተር ሬዲዮን አየቻት። የክፍል አለቃ ስለሆነች አርፋጆችን በየጠዋቱ የምትመዘግበው ካልኩሌተር ራሷ ናት። ሬዲዮ በየሦስት ቀኑ የምታረፍድበትን ምክንያት በየጊዜው እየለዋወጠች ስታወራ፣ አንድም ቀን ውሃ ብላ አታውቅም።

ሴትየዋ በጣታቸው ሲቆጥሩ ቆይተው ቀና አሉ። «ለስድስታችን ሃያ ጀሪካን» አሉ። ወዲያው ደግሞ ድምፃቸው ቀነሰ። «በዛ እንዴ?»

ሃያ ጀሪካን አራት መቶ ሊትር ነው። ለስድስት ሲካፈል ስልሳ ስድስት ከምናምን። ሒሳቡ ሳታስበው ጭንቅላቷ ውስጥ ተሠርቶ አለቀ። የእሷ ሰፈር ስልሳ ነው።

«አልበዛም እትዬ» አለች። 

ሬዲዮ እስከ ቁልቁለቱ ሸኘቻት። ጥቂት እንደሄዱ «የኛን ቤት ቅጽ ማን ሞላው?» አለች።

«እኔ።»

«ጠየቅሽን?»

«ያው የማውቀው ቤት ነው ብዬ…» አልጨረሰችውም። «ለምን ዝም አልሽኝ?»

«ቅዳሜ ነግሬሽ ነበር፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አልሽ። ትናንት ደግሞ ሁሉም ሲያደንቅሽ ምን ልበል? ግመል ሲባል ክፍሉ በሙሉ ዞሮ እኔን ነው ያየው። ሼም ያዘኝ፣ ሌላ ምን።» ሬዲዮ ይህን ሁሉ ያለችው በቀስታ ነው፤ ለእሷ ብርቅ ነበር። «አንቺም ስቀሻል» አለችና ተመለሰች።

ካልኩሌተር ቁልቁለቱን ብቻዋን ወረደች። አፈረች፣ በጣም አፈረች። ከዚያ ደግሞ ተናደደች፤ በቅጹ፣ በመምህሩ፣ በቅዳሜዋ ሴትዮ ሳቅ። ቤቷ ስትደርስ ግን የምትናደድበት ሰው ቆጥራ ቆጥራ የቀረችው ራሷ ብቻ ነበረች።

በማግሥቱ ረቡዕ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ፓምፕ ቤት ሄደች። አባቷ የፓምፕ ሠራተኛ ነው። ጠባቧ ክፍል በሞተር ድምፅ ትንቀጠቀጣለች፤ ግድግዳው ላይ ግፊት የሚለካ ጌጅ፣ ከታች ደግሞ ሁለት ቫልቮች አሉ፤ አንዱ ለታች፣ አንዱ ለላይ። የታችኛው ሁልጊዜ ክፍት ስለሆነ መዘውሩ ዝጎ ደርቋል። የላይኛው መዘውር በእጅ ብዛት ነጥቶ ያብረቀርቃል።

«የነገዋ ተናጋሪ መጣች» አለ አባቷ ደረቱን ነፍቶ። ልጄ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ልትናገር ነው ብሎ ያልነገረው የሥራ ባልደረባ አልቀረም።

«አባዬ፣ ወደ ላይ የሚሄደው መስመርም አራት ኢንች ቢሆን ምን ይፈጠራል?»

አባቷ እጁን በጨርቅ ጠረገ። «ጉድጓዱ አንድ፣ ፓምፑም አንድ። ወደ ላይ ብዙ ከሄደ ወደ ታች ያንሳል። እኛም በፈረቃ እንሆናለን።»

«እስከ መቼ?»

«ሁለተኛው ጉድጓድ እስኪቆፈር። በዕቅዱ ውስጥ አለ፤ ግን ሁለት ዓመት፣ ቢፈጥን አንድ ዓመት ተኩል።»

«ሁለት ኢንች ከሆነስ?»

«እኛን አይነካንም። እነሱ ግን ዐሥር ጉድጓድ ቢቆፈርም እንዳሉ ናቸው። ቀጭን ቧንቧ የሚያሳልፈውን ነው የሚያሳልፈው።» ትኩር ብሎ አያት። «ምነው? ወደ ላይ ሁለት ይበቃል ተብሎ አለቀ አይደል እንዴ?»

ነገረችው። ሳትጠይቅ የሞላቻቸውን ቤቶች፣ «ማን ይጠላል» ያሉትን ሴት፣ ሃያ ጀሪካኑን። ስትናገር ጌጁን ነበር የምታየው።

«ማን ያውቃል?» አለ አባቷ።

«ሬዲዮ።»

«ምን አለች?»

«ለማንም አላወራችም።»

«ሬዲዮ?» አለ፤ ሊስቅ ምንም አልቀረውም ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ተወው። ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠ። «ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየሦስት ቀኑ ይህን መዘውር አዞራለሁ። ስከፍተው ይሰድቡኛል፣ ስዘጋው ይሰድቡኛል። ‹ላይ ሰፈሮች ነገረኛ ናቸው› እንባባላለን እዚህ። ውሃው እዚያ ከደረሰ በኋላ ምን እንደሚሆን ግን ወጥቼ አይቼ አላውቅም። ከዚህ የሚታየኝ ጌጁ ነው።»

«ምን ላድርግ?»

«እሱን አልነግርሽም» አለ። «ነገ አዳራሹን የሚሞሉት ግን ጎረቤቶቻችን ናቸው። ከላይ በሥራ ሰዓት የሚመጣ ብዙ ሰው የለም። ይህን አውቀሽ ግቢ።»

ሐሙስ ከሰዓት አዳራሹ ጢም አለ። ፊት ለፊት ሱቅ ያላቸው፣ መኪና የሚያሳጥቡ፣ ግቢያቸውን በጎማ ቱቦ የሚያጠጡ ሰዎች ተቀምጠዋል። ሁሉንም ታውቃቸዋለች፤ ሲያገኟት ጉንጯን የሚስሙ ናቸው። አባቷ በተተኮሰ ኮት ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነው። ሬዲዮና እናቷ በሩ አጠገብ ቆመዋል። ሴትየዋ አንገታቸው ላይ የልብስ ሜትር እንደተንጠለጠለ ነው፤ ሥራቸውን ጥለው ሮጠው መጥተዋል።

ኢንጂነሯ ጠሯት። ካልኩሌተር ፖስተሩ አጠገብ ቆመችና የታችኛውን ሰፈር ቁጥር በአንድ ትንፋሽ አነበበች። የላይኛው ጋ ስትደርስ ጣቷን ከፖስተሩ ላይ አነሣች። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ብላ ተመኘች።

«ይህ ቁጥር ልክ አይደለም» አለች። «ዘጠኝ ሊትር የሚያገኙት ነው እንጂ የሚያስፈልጋቸው አይደለም። የሚያስፈልጋቸውን ብዙዎቹን አልጠየቅኳቸውም። የጠየቅኳቸውም ሲስቁብኝ የመጀመሪያውን ቁጥር ገልብጬ ጻፍኩት። አርባ ሦስቱንም ቤት። ማንም አላዘዘኝም፤ እኔ ነኝ።»

የሒሳብ መምህሩ ግንባሩን ያዘ። አዳራሹ ማጉረምረም ጀመረ። ኢንጂነሯ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙ። ፊታቸው ላይ ቁጣ ነበረ፤ ግን ድምፃቸው ውስጥ አልገባም።

«ከዚያ ወዲህስ የጠየቅሽው ቤት አለ?»

«አንድ። ስልሳ ስድስት ሊትር ነው የመጣው። ግን አንድ ቤት ብቻ ነው። ቅዳሜ ሁሉንም እንደገና እዞራለሁ።»

«እኔ ግን ረቂቁን ነገ ማስገባት አለብኝ። ቅዳሜ የምታመጪውን በኋላ አያይዘዋለሁ» አሉ ኢንጂነሯ፤ እስክሪብቷቸውን አነሡ። «እስከዚያ ለላይኛው ሰፈር ስንት ብዬ ልጻፍ?»

ካልኩሌተር ወደ ሦስተኛው ረድፍ አላየችም። «የእኛን» አለች። «የእኛን ቁጥር ይጻፉላቸው።»

አሁን ጫጫታው ከፍ አለ። ከፊት የተቀመጡት ባለሱቅ ተነሡና ወደ አባቷ ዞሩ። «ልጅህ የምትለውን ትሰማለህ? እኛን በፈረቃ ልታደርገን ነው እኮ።»

አባቷ ኮቱን እያስተካከለ ተነሣ። «ጉድጓዱ እስኪቆፈር አዎ፣ በፈረቃ ነው» አለ። «ፈረቃውን የማዞረው እኔ ነኝ። መስደብ የፈለገ ፓምፕ ቤት ይምጣ፤ ለምጄዋለሁ።»

ጥቂት ሰው ሳቀ። ብዙዎቹ አልሳቁም። ኢንጂነሯ አንገታቸውን ደፍተው ጻፉ።

ስብሰባው በጭቅጭቅ ተበተነ። ሲወጡ ጉንጯን የሳማት የለም። ሬዲዮ በሩ ላይ ጠብቃ፣ «ቅዳሜ በስንት ሰዓት ነው?» አለቻት።

«በሁለት።»

«ማንን ቀድመሽ እንደምትጠይቂ ልንገርሽ፣ አንዳንዶቹ እኮ ወሬ ይወዳሉ፣ እዚያ ከገባሽ እስከ ምሳ አትወጪም፣ ደግሞ…» ሬዲዮ ተከፈተች፤ እናቷ ክንዷን ይዘው እስኪወስዷት ድረስ አላቆመችም።

አባትና ልጅ ወደ ቤት አመሩ። ከዕቃ መሸጫው ሱቅ ፊት ሲደርሱ ካልኩሌተር ቆመች።

«አባዬ፣ እኛ ቤት ጀሪካን አለ?»

«ምን ያደርግልናል? ኖሮን አያውቅም።»

ወደ ውስጥ ገባች። ሻጩ ከጣሪያው ላይ የተንጠለጠሉትን ቢጫ ጀሪካኖች በረጅም እንጨት እየነካካ «ስንት ላውርድ?» አለ።

አራት ሰዎች። በቀን ስልሳ ሊትር። ሦስት ቀን። «ሠላሳ ስድስት» አለች።

ሻጩ እንጨቱን አወረደ። «የኔ እህት፣ ሱቁ ውስጥ ያለው ሁሉ ተደምሮ ዐሥር አይሞላም። ሠላሳ ስድስቱን የት ታስቀምጪዋለሽ?»

 «ሬዲዮ ቤት ከበሩ ጀርባ የተሰለፉት ስድስት ናቸው» አለች ወደ አባቷ ዞራ። አባቷ በከንፈሩ እየቆጠረ ነበር፣ ስልሳ በአራት፣ በሦስት።

«የላይኛው ቧንቧ እስኪቀበር ስድስት ወር አለ» አለ በመጨረሻ። «ፈረቃችን ዛሬ አይጀምርም እኮ።»

«አውቃለሁ። የግቢውን ቧንቧ ከነገ ጀምሮ ዝጋውና በሦስት ቀን አንዴ ክፈተው። እማዬን እኔ እነግራታለሁ።»

 አባቷ ወደ ሻጩ ዞረ።

«ስድስት አውርድልን» አለው።